የባዕድ ጥበብ የአገር ሀብት የሚሆንበት መንገድ፤ ስለ ምዕራብ ደቡብ ወሎ ደጋና ስለ እርከኑ

አንድ አገር ሌላውን አገር የሚረዳበት መንገድ ሦስት ዓይነት ነው። አንደኛው እህልና ልብስ መስጠት ነው፤ ይህ የተራበውን ከሞት ያድናል፤ ነገር ግን እህሉ ሲያልቅ ርዳታውም ያልቃል። ሁለተኛው ገንዘብ ማበደር ነው፤ ይህም መንገድና ፋብሪካ ያሠራል፤ ነገር ግን ዕዳው ለልጅ ሊተርፍ ይችላል። ሦስተኛው ጥበብን ማካፈል ነው፤ ይኸውም ዐዋቂው መጥቶ የማያውቀውን ሲያስተምር፣ ወይም ተማሪው ወደ ዐዋቂው አገር ሄዶ ተምሮ ሲመለስ ነው። ይህ ሦስተኛው የቴክኒክ ትብብር ይባላል።

ጥበብ ከእህልና ከገንዘብ የምትለየው ሰጭው ሳይጐድልበት ተቀባዩ ስለሚበለጽግባት ነው። ነገር ግን ከተቀባዩ ትጋት ትፈልጋለች። እህልን ተቀብሎ ወዲያው መብላት ይቻላል፤ ጥበብን ግን ሳይሠሩባት ተቀብያለሁ ማለት አይቻልም።

ኢትዮጵያ ይህን መንገድ ከጀመረች ብዙ ዘመን ነው። አልፍሬድ ኢልግ የተባለው የስዊስ መሐንዲስ በ1871 ዓ.ም. ወደ ሸዋ መጥቶ፣ በኋላ ዳግማዊ አጤ ምኒልክ የተባሉትን የሸዋውን ንጉሥ በሙያው አገለገለ። የተባበሩት መንግሥታት ድርጅት በ1942 ዓ.ም. የቴክኒክ ርዳታን ሰፊ ሥርዓት አድርጎ ካቆመ በኋላ ደግሞ፣ ከልዩ ልዩ አገር መምህራንና መሐንዲሶች በብዛት መጡ። በ1940ዎቹ ዓመታት በዐለማያ የተመሠረተው የእርሻ ኮሌጅ በአሜሪካ የኦክላሆማ ስቴት ዩኒቨርሲቲ መምህራን ርዳታ ቆመ፤ ውሉ በ1960 ዓ.ም. ሲያበቃ እነርሱ ወደ አገራቸው ተመለሱ፤ ኮሌጁን ግን ኢትዮጵያውያን ተረክበው አላቋረጡትም። ኮሌጁም አድጎ ዩኒቨርሲቲ ሆነ።

እንግዲህ የትብብር መለኪያው እንግዳው ሳለ የተሠራው ሥራ ሳይሆን፣ እንግዳው ከሄደ በኋላ የሚቀረው ነው። ይህም ነገር በወሎ ደጋ መሬት ላይ በግልጥ የታየ ስለሆነ፣ ከዚህ በታች በየተራው ይነገራል።

የመሬቱ ሁኔታ

መካነ ሰላም በደቡብ ወሎ ምዕራባዊ ክፍል፣ በቦረና ወረዳ በደጋው ላይ ያለች ከተማ ናት። ከርስዋ በስተ ምዕራብ መሬቱ ከደጋ ወደ ወይና ደጋ፣ ከወይና ደጋም ወደ ቆላ እየወረደ እስከ ዐባይ ሸለቆ ይደርሳል። በሰሜን በሽሎ፣ በመካከል ወለቃ፣ በደቡብ ጃማ የተባሉት ወንዞች ከወሎና ከአካባቢው ደጋ የሚወርደውን ውኃ ሰብስበው ለዐባይ ይገብራሉ።

በቦረናና በሳይንት በኩል ያለው የደንቆሮ ጫካ የዚህን ደጋ የጥንት መልክ እስከ ዛሬ ያሳያል፤ በውስጡም ጭላዳና ቀይ ቀበሮ ስለሚገኙበት በሕግ የተጠበቀ ፓርክ እንዲሆን ተደርጓል። ከጫካው ውጭ ግን አብዛኛው መሬት ለብዙ ዘመን የታረሰ ነው። ገበሬው ገብሱንና ስንዴውን፣ ባቄላውንና ጤፉን የሚዘራው በሜዳው ብቻ አይደለም፤ ሕዝቡ በበዛ ጊዜ በሬ ሊቆም ከሚችልበት ተዳፋት ሁሉ ላይ ያርሳል።

ዝናብ በተዳፋት እርሻ ላይ ሲወርድ ሁለት ነገር ያደርጋል። የውኃው ጠብታ የተገለበጠውን አፈር መትቶ ያላላዋል፤ ወደ መሬት ያልሰረገው ውኃ ደግሞ የላላውን አፈር ይዞ ይወርዳል። ጎርፉም በመጀመሪያ ቀጭን መሥመር ያወጣል፤ መሥመሩ ካልተከተረ ቦይ ይሆናል፤ ቦዩ በዓመታት ውስጥ ሰው የማይሻገረው ቦረቦር ይሆናል። የሚታጠበውም አፈር ከሁሉ የሚሻለው የላይኛው፣ ፍግና ብስባሽ ያለበት ለም አፈር ነው። የቀረው መሬት ሥሩ ጭንጫ ስለሚሆን ውኃ አይዝም፤ ስለዚህ ዝናብ አንድ ሁለት ሳምንት በዘገየ ቍጥር ሰብሉ ይጠወልጋል። በ1966 እና በ1977 ዓ.ም. በወሎ የደረሰው ረኃብ ብዙ ምክንያት ቢኖረውም፣ የመሬቱ መራቈት ሕዝቡን ለድርቅ ካጋለጡት ምክንያቶች አንዱ ነበረ።

በማይባር የተደረገው ምርመራ

በሽታን ለማከም አስቀድሞ መመርመር እንደሚገባ ሁሉ፣ አፈርን ለማዳንም አስቀድሞ የሚጠፋውን መለካት ያስፈልጋል። እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር በ1981 ዓ.ም. የኢትዮጵያ የእርሻ ሚኒስቴርና በስዊስ አገር ያለው የበርን ዩኒቨርሲቲ ተባብረው የአፈር ጥበቃ ምርመራ ጀመሩ፤ የምርመራውም መሪ ሃንስ ሁርኒ የተባለው የስዊስ ሊቅ ነበረ። የመጀመሪያው ጣቢያ የተተከለው በዚያው በደቡብ ወሎ፣ ከደሴ በስተ ደቡብ ባለው በማይባር ነው። ከዚያ በኋላ በሸዋ በአንዲት ጥድ፣ በጎጃም በአንጀኒ፣ እንዲሁም በሌሎች አውራጃዎች ተጨማሪ ጣቢያዎች ተቋቁመው በጠቅላላው ሰባት ሆኑ።

በማይባር የተመረጠው የውኃ መውረጃ ስፋቱ 113 ሄክታር ያህል ነው። በዚያም የዝናቡ መጠን በየቀኑ ይለካ ነበር። የጅረቱ ውኃ ከፍታ እየታየ ይጻፋል፤ ጎርፍ ሲመጣም ውኃው በጠርሙስ እየተቀዳ ጭቃው ተጣርቶ ይመዘናል። በተዳፋቱ ላይ ደግሞ ወርዳቸው 2 ሜትር፣ ርዝመታቸው 15 ሜትር የሆኑ ትንንሽ ማሳዎች ዙሪያቸው ታጥሮ፣ ከግርጌያቸው የሚወርደው ውኃና አፈር በማጠራቀሚያ ይያዝ ነበር። ይህን መለኪያ በየዕለቱ የሚያነቡትና የሚጽፉት ከአካባቢው የተቀጠሩ ረዳቶች ነበሩ። የውጭው ሊቅ ዘዴውን አመጣ፤ ዝናብ በዘነበበት ሰዓት በስፍራው ተገኝቶ የጻፈው ግን የአገሩ ልጅ ነው።

ከእነዚህ ጣቢያዎች በተገኘው ቍጥር መሠረት፣ በኢትዮጵያ ደጋ ከሚታረስ መሬት ከአንድ ሄክታር በአማካይ በየዓመቱ 42 ቶን ያህል አፈር እንደሚታጠብ ተገመተ። ይህ ከማሳው ላይ 4 ሚሊ ሜትር ያህል ውፍረት ይሆናል። ጥቂት ይመስላል፤ ነገር ግን ተማሪው በ25 ዓመት ቢያባዛው 100 ሚሊ ሜትር፣ ማለት 10 ሳንቲ ሜትር ያገኛል። አባት ለልጁ መሬቱን በሚያወርስበት ዘመን ውስጥ፣ ማረሻ ከሚገለብጠው አፈር ብዙው ሄዷል ማለት ነው። ድንበሩ ሳይነካ፣ ከሳሽና ተከሳሽ ሳይኖር፣ ርስቱ ከባለቤቱ እግር ሥር ይወሰዳል።

ሌላም ነገር ታወቀ። አብዛኛው አፈር የሚታጠበው ክረምቱን ሙሉ በእኩል አይደለም፤ በጥቂት ኃይለኛ ዝናቦች ነው፤ ይልቁንም ማሳው ታርሶ ሰብሉ ገና መሬቱን ሳይሸፍን በሚወርዱት ዝናቦች ነው። ስለዚህ የጎርፍ መቀልበሻው ቦይና እርከኑ ከክረምቱ በፊት መጠገን እንዳለባቸው ተረጋገጠ። ይህን አስተዋይ ገበሬ ድሮም ያውቀው ነበር፤ በቍጥር ሲረጋገጥ ግን ከአንዱ ቀበሌ ወደ ሌላው ሊነገርና ሊታመን ቻለ።

ከጎረቤት የተገኘ ጥበብ

የቴክኒክ ትብብር ከአውሮፓና ከአሜሪካ ብቻ የሚመጣ የሚመስላቸው ሰዎች አሉ። ነገሩ ግን እንዲህ አይደለም። በኢትዮጵያ ደጋ በሰፊው ከታወቁት እርከኖች አንዱ «ፋንያ ጁ» ይባላል። ይህ ቃል የስዋሂሊ ነው፤ ትርጓሜውም «ወደ ላይ አድርግ» ማለት ነው። እርከኑ የታወቀው በኬንያ በማቻኮስ አገር፣ በካምባ ሕዝብ ዘንድ ነው።

አሠራሩ ይህ ነው። በተዳፋቱ ላይ ወገቡን ይዞ ቦይ ይቈፈራል፤ ከቦዩ የወጣው አፈር እንደ ልማድ ወደ ታች ሳይሆን ወደ ላይ ይወረወርና ክትር ይሆናል። ከላይ የሚመጣው ጎርፍ በክትሩ ሲታገድ የያዘውን አፈር እዚያው ይጥላል። ከዓመት ዓመት አፈሩ ከክትሩ በላይ እየሞላ፣ ተዳፋት የነበረው እርሻ እየተስተካከለ እንደ ደረጃ ይሆናል። አፈርን ወደ ላይ መወርወር ከባድ ሥራ ነው፤ ጥቅሙ ግን ጎርፉ ራሱ ለገበሬው እርከን ሠሪ መሆኑ ነው።

በአገር ውስጥም የሚያስተምር አልጠፋም። በደቡብ ኢትዮጵያ የኮንሶ ሕዝብ ከብዙ ትውልድ ጀምሮ ተራራውን በድንጋይ እርከን ሠርቶ ሲያርስ ኖሯል፤ በ2003 ዓ.ም. የተባበሩት መንግሥታት የትምህርት፣ የሳይንስና የባህል ድርጅት ይህን የኮንሶን አገር በዓለም ቅርስነት መዘገበው።

ነገር ግን ማንኛውም ጥበብ ከአንዱ አገር ወደ ሌላው ሲሻገር መፈተን አለበት። እርከን የሚወስደው ቦታ ከማሳው ላይ ይቀነሳል፤ ስለዚህ በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ምርት ላይጨምር ይችላል። ዝናብ በሚበዛበት ቀዝቃዛ ደጋ፣ ውኃውን ፈጽሞ የሚያግድ ክትር ማሳውን ያረጥባል፤ እዚያ እርከኑ ውኃውን በቀስታ ወደ ጐን የሚያወጣ ጥቂት ዝንባሌ ያስፈልገዋል። በክትሩ ውስጥ አይጥ ይራባል፤ ጠባብም ሲሆን በሬ ለማዞር ያስቸግራል። እነዚህን ችግሮች ገበሬዎች ሲናገሩ ስንፍና ነው የተባለበት ጊዜ ነበረ፤ ምርመራው ግን ብዙውን ነገር እውነት ሆኖ አገኘው። እንግዲህ ትብብር ማለት አንዱ ተናጋሪ ሌላው ሰሚ የሚሆንበት አይደለም።

በሽግግሩ ዘመን የሆነው

አንድ አገር ከአንድ የኢኮኖሚ ሥርዓት ወደ ሌላው ሲሻገር፣ ቀድሞ በትእዛዝ ይሠራ የነበረው ሁሉ በፈቃድና በጥቅም እንዲሠራ ያስፈልጋል። እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ከ1989 ዓ.ም. ጀምሮ የምሥራቅ አውሮፓ አገሮች በዚህ መንገድ ሲያልፉ፣ የተባበሩት መንግሥታት «በሽግግር ያሉ ኢኮኖሚዎች» ብሎ ጠራቸው፤ ሕግ ዐዋቂ፣ ሒሳብ ዐዋቂና መሬት ቀያሽም እየተላከላቸው ተረዱ። ኢትዮጵያም በዚያው ዘመን ተመሳሳይ ፈተና አገኛት።

በ1967 ዓ.ም. በዐዋጅ የገጠር መሬት ሁሉ የሕዝብ ሀብት ከሆነ በኋላ፣ በደርግ ዘመን ገበሬው በማኅበር ተደራጅቶ ነበር። ከ1970ዎቹ መጀመሪያ አንሥቶም በዓለም የምግብ ፕሮግራም እህልና ዘይት እየተከፈለ፣ በወሎና በሌሎችም የተራቈቱ አውራጃዎች ብዙ እርከን ተሠራ፤ ብዙ ችግኝም ተተከለ። ሥራው ታላቅ ነበረ። ነገር ግን የት እንደሚሠራ የሚወስነው አብዛኛውን ጊዜ ገበሬው አልነበረም፤ የተከለለው ጋራም የመንግሥት እንጂ የእርሱ አይመስለውም ነበር።

በየካቲት ወር 1982 ዓ.ም. መንግሥት ቅይጥ ኢኮኖሚ መቀበሉን ሲያስታውቅ፣ የአምራቾች የኅብረት ሥራ ማኅበራት በብዙ ስፍራ በጥቂት ወራት ውስጥ ፈረሱ። በግንቦት 1983 ዓ.ም. ደግሞ መንግሥቱ ተለወጠ። በዚያ የሽግግር ጊዜ በብዙ የአገሪቱ ክፍሎች የተተከለው ደን ተቈረጠ፤ እርከኑም ፈረሰ። ከውጭ አገር የመጣው ጥበብ ስሕተት ስለ ነበረ አይደለም፤ ክትሩ ያው ክትር ነው፤ አፈሩንም ይይዝ ነበር። የጐደለው፣ ይህ ሥራ የእኔ ነው የሚል ባለቤት ነበረ። እህል የተከፈለበት እርከን እህሉ ሲቀር ጠጋኝ አጣ።

ይህ ለአገሪቱ ብርቱ ትምህርት ሆነ። በ1990ዎቹ ዓመታት የስዊድን መንግሥት ከአማራ ክልል ጋር ተባብሮ በምሥራቅ ጎጃምና በደቡብ ወሎ ሲሠራ፣ አንዱ የትብብር ሥራ የገበሬውን ይዞታ ለክቶ መመዝገብ ነበረ። በዐሥርቱ ዓመታት አጋማሽ፣ በደቡብ ወሎ በገራዶ፣ በምሥራቅ ጎጃምም በአዲስና ጉሊት ምዝገባው ተሞከረ፤ ከዚያም በክልሉ ተስፋፋ። ለባልና ለሚስት በሁለቱም ስም የይዞታ ደብተር ተሰጠ። ደብተሩ መሬቱን ለመሸጥ መብት አይሰጥም፤ ነገር ግን ዛሬ የተሠራው እርከን ነገ ለሌላ እንዳይተላለፍ ዋስትና ይሆናል። መሬቱ እንደማይወሰድበት ያመነ ገበሬ ድንጋይ ለመካብ አይሰለችም።

በቦረናና በአጠገቡ የተሠራው

በመካነ ሰላም አካባቢም ተመሳሳይ ትብብር ታየ። ካርልሃይንዝ በም የተባለው በፊልም ተዋናይነቱ የታወቀው ኦስትሪያዊ፣ በ1974 ዓ.ም. በጀርመን አገር «ሰዎች ለሰዎች» የተባለውን ድርጅት አቋቋመ። እርሱ በ2006 ዓ.ም. ዐረፈ። ድርጅቱ በልዩ ልዩ የኢትዮጵያ ወረዳዎች ሲሠራ፣ ቦረናና ወግዲ ከሥራ ስፍራዎቹ ውስጥ ነበሩ። የድርጅቱ ሥራ ምንጭ ማጎልበት፣ እርከን መሥራት፣ ችግኝ ማፍላት፣ ትምህርት ቤት መሥራትና ለሴቶች አነስተኛ ብድር መስጠት ነው። ልማዱም በአንድ ወረዳ ለዘወትር መቀመጥ ሳይሆን፣ ከተወሰኑ ዓመታት በኋላ ሥራውን ለሕዝቡና ለመንግሥት መሥሪያ ቤቶች አስረክቦ መውጣት ነው።

አስረክቦ መውጣት የሚለው ቃል ሊታሰብበት ይገባል። የጎለበተ ምንጭ የአጥር እንጨቱ ቢበሰብስ፣ ቧንቧው ቢሰበር፣ ማን ይጠግነዋል? ለጥገናው የሚያስፈልገውን ገንዘብ የሚሰበስብና የሚጠብቅ ኮሚቴ ከሌለ፣ ምንጩ ከጥቂት ዘመን በኋላ ወደ ቀድሞው ጭቃ ይመለሳል። ስለዚህ የትብብሩ ዋና ፍሬ ሲሚንቶው ሳይሆን፣ መፍቻውን ይዞ መጠገን የተማረው የቀበሌው ልጅ ነው።

ከ2003 ዓ.ም. ጀምሮ በክልሉ የተፋሰስ ሥራ በሕዝቡ ጉልበት በሰፊው ተካሂዷል፤ ሥራውም መኸር ከተሰበሰበ በኋላ፣ ብዙውን ጊዜ በጥርና በየካቲት ወራት የሚደረግ ነው። ከአገር ውስጥ የሚወጣ ዐዋቂ እንዲበዛም፣ በቱሉ አውሊያና በመካነ ሰላም ግቢዎች ያሉት የመቅደላ አምባ ዩኒቨርሲቲ ተቋቁሟል። በማይባርና በሌሎቹ ጣቢያዎች የተሰበሰበው የብዙ ዓመት ቍጥርም አልጠፋም፤ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ሥር በተቋቋመው የውኃና የመሬት ሀብት ማእከል በኩል ለኢትዮጵያውያን ተመራማሪዎች ደርሷል።

ከቦረና ማሳ የሚታጠበው አፈር የቦረና ጉዳይ ብቻ አይደለም። ከ1950 እስከ 1956 ዓ.ም. የአሜሪካ መሐንዲሶች ከኢትዮጵያ መንግሥት ጋር ተስማምተው የዐባይን ሸለቆ መርምረው፣ ግድብ ሊሠራባቸው የሚችሉ ስፍራዎችን በመጽሐፍ አስፍረው ነበር፤ ከነዚያም አንዱ በሱዳን ወሰን አጠገብ ያለው ስፍራ ነው። መጽሐፉ ለብዙ ዘመን በመደርደሪያ ተቀምጦ ኖረ። በዚያው አካባቢ፣ በጉባ፣ ኢትዮጵያ በመጋቢት 24 ቀን 2003 ዓ.ም. የታላቁን የሕዳሴ ግድብ መሠረት ጣለች፤ ሕዝቡም ቦንድ እየገዛና ከደመወዙ እያዋጣ ረድቶ፣ ግድቡ በጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. ተመረቀ። በበሽሎና በወለቃ የሚወርደው ጭቃ ዛሬ የሚያርፈው በዚህ ግድብ ሐይቅ ውስጥ ነው። በመካነ ሰላም አጠገብ እርከን የሚጠግን ገበሬ ማሳውን ብቻ ሳይሆን ያንን ሐይቅም ይጠብቃል።

በትምህርት ቤት የሚደረግ መለኪያ

የማይባሩ ምርመራ በመሠረቱ ቀላል ስለሆነ፣ የገጠር ትምህርት ቤት በትንሹ ሊያደርገው ይችላል።

፩ኛ፤ መጠናቸው እኩል የሆነ ሁለት ብርጭቆ ወይም ውስጡ የሚታይ ጠርሙስ ይዘጋጅ።

፪ኛ፤ ዝናብ በዘነበ ጊዜ አስተማሪው ባለበት፣ እርከን ካለው ማሳ ግርጌ አንዱ፣ እርከን ከሌለው ማሳ ግርጌ ሌላው በሚወርደው ውኃ ይሞላ። ወደ ወንዝ ወይም ወደ ኃይለኛ ጎርፍ መቅረብ አይገባም።

፫ኛ፤ ሁለቱም ሳይነካኩ ያድሩ። በማግሥቱ በሥራቸው የረጋው ጭቃ ቁመት በማስመሪያ ይለካ።

፬ኛ፤ ቀኑና የሁለቱም ቍጥር በደብተር ይጻፍ። ክረምቱ ሲያልቅ ቍጥሮቹ ተደምረው ለወላጆች ይነበቡ።

ደብተሩ ለሚቀጥለው ዓመት ተማሪዎች ሊተላለፍ ይገባል፤ የአንድ ዓመት ቍጥር ወሬ ነው፤ የዐሥር ዓመት ቍጥር ግን ምስክር ነው።

ማጠቃለያ

ከውጭ አገር ዐዋቂ በመጣ ጊዜ ሕዝቡ ሦስት ጥያቄ ሊጠይቅ ይገባዋል። ይህ ሥራ ለእኛ መሬትና አየር ተፈትኗልን? ከመካከላችን ማን ይማረዋል? እንግዳው በሄደ ማግሥትስ የሚጠግነው ማን ነው? ለሦስቱም መልስ ካለ ርዳታው ይጠቅማል፤ መልስ ከሌለ ግን እንግዳው ሳይሄድ መልሱ መዘጋጀት አለበት።

«የሰው ወርቅ አያደምቅ» ይባላል። በውሰት የተጌጠበት ወርቅ በማግሥቱ ለባለቤቱ ይመለሳል። ጥበብን ግን የሠራባት ሰው የራሱ ያደርጋታል፤ ወደ ላይ አፈር መወርወርን ከካምባ ገበሬ የተማረ የወሎ ገበሬም ይህን ጥበብ ለማንም የሚመልስ አይደለም፤ ለልጁ ያስተምራታል እንጂ።